የሌለ መጽሐፍ ሽፋን፦ የሃርላንድ ሚለርን ሥዕሎች እንዴት እናንብባቸው?

ሸራው ከሰው ቁመት ይበልጣል። ከላይ ባለቀለም ሰቅ፣ ከታች ባለቀለም ሰቅ፣ መሐሉ ነጣ ያለ። ነጣ ባለው ቦታ ላይ የአንዲት የእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ከተማ ስም በትልልቅ ፊደል ተጽፏል፤ ብሪድሊንግተን። ከስሟ ቀጥሎ «ከፀሐይ ዘጠና ሦስት ሚሊዮን ማይል» ይላል። የደራሲ ስምም አለ፤ ሃርላንድ ሚለር። ግርጌው ላይ አንዲት ትንሽ ወፍ ቆማለች። ቀለሙ እዚህም እዚያም ወርዷል፤ ብዙ እጅ እንደነካው ዕቃ ወይቧል።

እዚህ ጅማ ይህን መሰል ሥዕል በስልኬ ያሳየኋቸው ሰዎች የሚጠይቁኝ ከሞላ ጎደል አንድ ነገር ነው፦ «ይሄ ሥዕል ነው ወይስ የመጽሐፍ ማስታወቂያ?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በአንድ ዓረፍተ ነገር አያልቅም። ሽፋኑ ከየት እንደመጣ፣ ቃላቱ ምን እንደሚሠሩ፣ ቀለሙም ሆን ተብሎ ለምን እንደቆሸሸ ካልታወቀ ሥዕሉ ተራ ቀልድ ይመስላል። ከታወቀ ግን፣ በእኔ እምነት፣ ከእኛ ከአማርኛ አንባቢዎች ይበልጥ የሚቀርበው ሰው ብዙ አይደለም።

ሚለር በ1964 እንግሊዝ ውስጥ በዮርክሸር ተወለደ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ለንደን በሚገኘው የቼልሲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምሮ በ1988 ጨረሰ፤ ከዚያ በኋላ በኒውዮርክ፣ በበርሊን፣ በኒው ኦርሊንስና በፓሪስ ኖሯል። ሠዓሊ ብቻ አይደለም። በ2000 ልብ ወለድ አሳትሟል፤ ታሪኩ ዴቪድ ቦዊ የተባለውን ዘፋኝ እያስመሰለ ከሚዘፍን ሰው ጋር በሰሜን እንግሊዝ ስለሚዞር ወጣት ነው። ይህን ማወቅ ለሥዕሉ ይጠቅማል። በሥዕሉ ላይ ደራሲው ባለበት ቦታ የራሱን ስም የሚጽፈው ስሙን በእውነተኛ መጽሐፍ ሽፋን ላይ ያየ ሰው ነው። የሽፋን ሥዕሎቹን የጀመረውም ልብ ወለዱ በወጣ ማግስት፣ በ2001 ነው።

ወፏና ሦስቱ ሰቆች

ወፏ ፔንጉዊን ናት፤ የብሪታንያው ፔንጉዊን አሳታሚ ድርጅት መለያ። ከ1935 በፊት እዚያ አገር አዲስ ልብ ወለድ መግዛት ደኅና ገቢ ላለው ሰው የሚሆን ነገር ነበር። ጠንካራ ሽፋን ያለው አንድ መጽሐፍ ሰባት ሽልንግ ከስድስት ፔንስ ያወጣ ነበር (አንድ ሽልንግ 12 ፔንስ ነበር)። ስስ ሽፋን ያላቸው ርካሽ መጻሕፍትም ነበሩ፤ ነገር ግን ይዘታቸውም እንደ ዋጋቸው ነው ተብለው ይናቁ ነበር። አለን ሌን የተባለው አሳታሚ ደራሲዋን አጋታ ክሪስቲን ጠይቆ ሲመለስ በኤክሰተር ባቡር ጣቢያ ለመንገድ የሚሆን ደኅና መጽሐፍ አጣ፤ ሐሳቡም ያኔ መጣለት ይባላል። ጥሩ ጽሑፍ፣ ስስ ሽፋን፣ ስድስት ፔንስ። በዘመኑ የአንድ ትንሽ ፓኬት ሲጋራ ዋጋ ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ አሥር መጻሕፍት በሐምሌ 1935 ወጡ፤ ዓመት ሳይሞላ የተሸጠው ቅጂ ሦስት ሚሊዮን ደረሰ።

ሽፋኑን የነደፈው ኤድዋርድ ያንግ የሚባል ገና 21 ዓመቱ የነበረ የድርጅቱ ሠራተኛ ነው። ፔንጉዊኗን ለመንደፍ ለንደን መካነ አራዊት ሄዶ ወፎቹን እያየ ሣለ። ሽፋኑ ላይ ከእርሷ በቀር ሌላ ሥዕል አልነበረም። ሦስት አግድም ሰቆች ብቻ ናቸው፤ በላይኛው የአሳታሚው ስም፣ በመካከለኛው ነጭ ሰቅ ርዕሱና ደራሲው፣ በታችኛው ወፏ። የመጽሐፉን ዓይነት የሚናገረው ቀለሙ ነው። ብርቱካናማ ከሆነ ልብ ወለድ፣ አረንጓዴ ከሆነ የወንጀል ታሪክ፣ ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ የሕይወት ታሪክ፣ ሮዝ ከሆነ የጉዞ መጽሐፍ ነው። አንባቢው ከሩቅ ቀለሙን አይቶ ምን እንደሚገዛ ያውቃል። በ1947 ደግሞ ጃን ቺኮልት የተባለ ጀርመን ተወላጅ የፊደል አቀማመጥ ሊቅ መጥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ የፊደሉን መጠን፣ ርቀቱን፣ የመስመሩን ውፍረት፣ የወፏን አቋም ሳይቀር አስተካክሎ ሄደ። እንዲህ በጥንቃቄ የተሠራ ነገር ነው በመቶ ሚሊዮኖች ኪስና ቦርሳ ውስጥ የገባው።

ይህ ቀለም ለእኛም ሩቅ አይደለም። ሃይነማን የተባለው ሌላ የብሪታንያ አሳታሚ በ1962 የአፍሪካ ደራስያንን ተከታታይ መጻሕፍት ማውጣት ሲጀምር የልብ ወለዶቹን መለያ ቀለም ብርቱካናማ አደረገው። የሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «አፈርሳታ» በ1969፣ የዳኛቸው ወርቁ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድም በ1973 የወጡት በዚሁ ተከታታይ ነው። እነዚያን መጻሕፍት በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የነካካ ሰው ሁሉ ብርቱካናማ ጀርባ ሲያይ «ይሄ ልብ ወለድ ነው» ይል ነበር። እንግዲህ ሚለር በቀለሙ ሲጫወት የሚጫወተው እኛም በከፊል በተማርነው ቋንቋ ነው።

ለሠዓሊ ደግሞ ሽፋኑ ሌላ ጥቅም አለው። አግድም የተደረደሩ ሦስት የቀለም ሜዳዎችን ትልቅ ሸራ ላይ ስታስቀምጧቸው ከማርክ ሮትኮ ረቂቅ ሥዕሎች ጋር ዘመድ ይሆናሉ። ሮትኮ ምንም ነገር ሳይሥል፣ ጠርዛቸው የደበዘዘ የቀለም ሰፈሮችን ብቻ አንዱን ከአንዱ በላይ አድርጎ ሰውን ዝም የሚያሰኝ አሜሪካዊ ሠዓሊ ነው። በሌላ በኩል ሽፋኑ በሱቅ የሚሸጥ ዕቃ ነው፤ ስለዚህ በ1962 የሾርባ ጣሳዎችን በ32 ሸራዎች ሥሎ ላቀረበው ለአንዲ ዋርሆልም ይቀርባል። ላዩ ላይ የሚነበብ ቃል ስላለ ደግሞ ለጸሐፊው ሚለር ይቀርባል። አንድ የመጽሐፍ ሽፋን ረቂቁን ሥዕል፣ የገበያውን ዕቃና ጽሑፉን በአንድ ገበታ አቀረበለት።

ቃሉ እንዴት ይሠራል

ወደ ብሪድሊንግተን እንመለስ። ብሪድሊንግተን በዮርክሸር፣ በሰሜን ባሕር ዳር ያለች የመዝናኛ ከተማ ናት። የመዝናኛ ከተማ በራሪ ወረቀት ምን እንደሚል እናውቃለን፤ «ከአውሮፕላን ማረፊያው በ20 ደቂቃ ርቀት»፣ «ከባሕሩ ሁለት እርምጃ»። ሚለር ይህንኑ አነጋገር ይይዝና መጨረሻው ላይ ከፀሐይ ያለውን ርቀት ይሰካበታል። የባሕሩ ንፋስ ብርድ፣ ሰማዩ ደመና ነው፤ ፀሐይ ፍለጋ ለሄደ እንግዳ ዘጠና ሦስት ሚሊዮን ማይል ማለት «አታገኛትም» ማለት ነው። ነገር ግን ቁጥሩ ውሸት የለበትም። ምድር ሁሉ ከፀሐይ የምትርቀው ያን ያህል ነው፤ ወደ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር። ጅማም ያን ያህል ትርቃለች፣ በረሃውም ያን ያህል ይርቃል። በትንሿ ከተማ ላይ የተሳለቀ የመሰለው ዓረፍተ ነገር ዞሮ ዞሮ ሁላችንን እኩል ያደርገናል። መጀመሪያ ትስቃላችሁ፣ ቀጥሎ ለከተማዋ ታዝናላችሁ፣ ከዚያ የራሳችሁን ከተማ ታስባላችሁ።

ሌላው ሥራው ስለ እንግሊዟ ከተማ ስለ ዮርክ ነው። ስለ ኒውዮርክ «በጣም ግሩም ስለሆነች ስሟን ሁለቴ ጠሯት» የሚል የታወቀ አባባል አለ፤ የከተማውም የግዛቱም ስም አንድ ስለሆነ። ሚለር ለዮርክ የሰጣት ርዕስ «ዮርክ፦ በጣም ግሩም ስለሆነች አንዴ ጠሯት» የሚል ነው። በ2020 በዮርክ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ያቀረበው ዐውደ ርእይም ይህንኑ ስም ይዟል። ዮርክ ጥንታዊት ናት፤ የኒውዮርክ ስም የመጣው ከዚያ ወገን ነው። ታላቂቱ ከተማ ሁለቴ ስትጠራ እናቲቱ አንዴ መጠራቷ ያስቃል፤ አንዴ መጠራት በቂ መሆኑ ደግሞ ኩራት አለበት። የትንሽ ከተማ ልጅ ይህን ኩራት ያውቀዋል። አዲስ አበባ ሄዶ «ከየት ነህ?» ሲባል «ከጅማ» ብሎ ሌላ ቃል የማይጨምር ሰው ያውቀዋል።

በዚያው ዓመት ኮሮና ሲገባ ያወጣው ሥራ በአንዲት ፊደል ላይ የቆመ ነው። የብሪታንያ ልዩ ኃይል መፈክር «የደፈረ ያሸንፋል» የሚል ነው። በእንግሊዝኛው መድፈርና መንከባከብ የሚጻፉት በአንድ ፊደል ልዩነት ነው፤ ሚለር ያቺን ፊደል ለውጦ «የተንከባከበ ያሸንፋል» አደረገው። የኅትመቱ ሽያጭ ለጤና ሠራተኞችና ለተንከባካቢዎች ድጋፍ ዋለ። እዚህ ላይ ሌላ ጨዋታም አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ብቻቸውን ሲነበቡ «ማን ግድ አለው?» የሚል ግዴለሽ አነጋገር ናቸው። ግዴለሽነትና እንክብካቤ በአንድ መስመር ተኝተዋል፤ የትኛውን እንደምታነቡ የእናንተ ፋንታ ነው።

ይህ ሁሉ ሲነገር አማርኛ አንባቢ ወዲያው «ሰምና ወርቅ ነዋ!» ይላል። እኔም መጀመሪያ የሚመጣልኝ እርሱ ነው፤ ግን ልዩነቱን ማየት ይጠቅማል። በቅኔ ወርቁ ከሰሙ ሥር ተደብቆ ይቀመጣል። ኅብረ ቃሉን ያላገኘ ሰው ሰሙን ብቻ ይዞ ይሄዳል፤ ፈቺ ያስፈልጋል። ሚለር ምንም አይደብቅም። የሚሠራው ሁላችን በቃላችን የያዝነውን አባባል ጀምሮ፣ እኛ በጠበቅነው ቦታ እንዳይጨርሰው ማድረግ ነው። ለዚህ ከቅኔ ቤት ይልቅ የሚቀርበው የባጃጅና የታክሲ ጥቅስ ነው። እዚህ ጅማ ከአጂፕ ሰፈር ወደ መርካቶ ስትሄዱ ከፊታችሁ ያለው ባጃጅ ጀርባ ላይ «ትዕግሥት መራራ ናት፣ ሒሳቡ ግን ጣፋጭ ነው» የሚል ብታዩ ሳቃችሁ የሚመጣው ከ«ሒሳቡ» አይደለም። በልባችሁ «ፍሬዋ ግን» ማለት ጀምራችሁ ስለነበር ነው። አባባሉን የማያውቅ ሰው አይስቅም። የቀልዱ ግማሽ በአንባቢው ጭንቅላት ውስጥ አስቀድሞ ተጽፎ የቆየ ነው። ጅማ ላይ ደግሞ ጥቅሱ አንዳንዱ በአማርኛ፣ አንዳንዱ በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ፣ ሁለቱንም የሚያነብ የከተማው ልጅ ለዚህ ዓይነት ጨዋታ ጆሮው የተሳለ ነው።

ሚለር ግን ጥቅሱን ባጃጅ ላይ አይለጥፈውም፤ ልዩነቱ ሁሉ ከዚህ ይጀምራል። የሚጽፈው የፔንጉዊን ሽፋን ላይ ነው። ያ ሽፋን አንድን ሐሳብ በሁለት መቶ ገጽ አስረድቶ ሊያሳምነን ቃል የሚገባ የከበረ ቦታ ነው። «ደስታ፦ የቀረበበት ክስ» የሚል አንድ ሥራ አለው። ግድግዳ ላይ በከሰል ቢጻፍ የተከፋ ሰው ቃል ነው። የመጽሐፍ ርዕስ ሲሆን ግን ማስረጃ ያለው፣ ምዕራፍ የተከፈለለት፣ የግርጌ ማስታወሻ የተጻፈለት ክርክር ይመስላል። እኛም የሌለውን መጽሐፍ በልባችን መጻፍ እንጀምራለን። የመጀመሪያው ምዕራፍ ምን ይላል? ምስክሮቹ እነማን ናቸው? ሠዓሊው የሰጠን ሽፋኑን ብቻ ነው፤ ውስጡን ለእኛ ተወው።

የቆሸሸው ቀለም

ብዙ ሰው ርዕሱን አንብቦ፣ ስቆ ያልፋል። ሥዕሉ የሚጀምረው ግን ከዚያ ወዲህ ነው፤ እኔን የያዘኝም ይህ ክፍል ነው።

ሚለር የሚሥለው አዲስ መጽሐፍ አይደለም። የተነበበ፣ የተዋሰ፣ ዝናብ የነካው፣ ከአንድ ሰው ቦርሳ ወደ ሌላው ያለፈ መጽሐፍ ነው። የዘይት ቀለሙን ይደርባል፣ ይጠርጋል፣ እንዲወርድ ይለቀዋል። ፊደላቱ ቀጥ ብለው ቆመው ዙሪያቸው ግን ይፈርሳል። ርዕሱን ለማንበብ ሁለት ሰከንድ በቂ ነው፤ ቀለሙን ለማየት ግን መቆም ያስፈልጋል። በዚያ መቆም ውስጥ ሳቁ ሌላ ነገር ይሆናል። ይህን ርዕስ አንድ ሰው ዓመታት አብሮት ኖሯል፣ ትራስ ሥር አድርጎት ተኝቷል፣ ከጨረሰው በኋላም አልጣለውም፤ ቆሻሻው የሚለን ይህን ነው።

በቅርቡ መርካቶ ላይ ላስቲክ አንጥፎ ያገለገሉ መጻሕፍት ከሚሸጥ ሰው የገዛኋት የደርግ ዘመን ልብ ወለድ አጠገቤ አለች። የሽፋኗ ሥዕል በሁለት ቀለም የታተመ ነው። ቀዩ ከጥቁሩ መስመር ትንሽ ሸሽቷል፤ የሴትየዋ ከንፈር ከአፏ ወደ ጉንጯ ተንሸራቷል። ኅትመቱ ሲጣደፍ ሁለቱ ቀለሞች በትክክል ስላልተገጣጠሙ ነው። ርዕሱ በማሽን ፊደል አልተጻፈም፤ ሠዓሊው በእጁ ጽፎታል፣ የመጨረሻው ፊደል ቦታ ጠቦት ትከሻውን ሰብስቧል። ጀርባው ላይ ዋጋዋ በእስክርቢቶ ተሰርዞ ሌላ ተጽፏል፣ እርሱም ተሰርዟል። ጥጉ ላይ የቡና ሲኒ ክብ አለ። ጀርባዋን የያዘው ስኮች ቢጫ ሆኖ እንደ ደረቀ ቅጠል ይሰበራል። ውስጥ ገጽዋ ላይ የሁለት ሰዎች ፊርማ አለ፤ አንደኛው ከፊርማው አጠገብ «9ኛ ሀ» ብሎ ክፍሉን ጽፏል።

ከነዚህ ነገሮች አንዱንም ደራሲው አልጻፈውም፤ ሁሉንም ግን አነባቸዋለሁ። ሚለር ያደረገው ይህን ንባብ ወደ ሸራ ማምጣት ነው። ያንን የሲኒ ክብ፣ ያንን የተንሸራተተ ቀይ፣ ሁለት ሜትር አድርጋችሁ አስቡት። በዚያ መጠን የሲኒዋ ክብ ከጭንቅላታችሁ ይተልቃል፤ በእጃችሁ የያዛችሁት ነገር መሆኑ ቀርቶ ፊት ለፊቱ የምትቆሙት ነገር ይሆናል።

አሮጌ ሽፋን ላይ የሠራ ሠዓሊ እርሱ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው ሪቻርድ ፕሪንስ ከ2002 ጀምሮ በሠራቸው የነርስ ሥዕሎቹ የርካሽ ልብ ወለዶችን ሽፋን በማተሚያ ሸራ ላይ አውጥቶ በላዩ ቀለም ያፈስባቸው ነበር። ኤድ ሩሼይ ደግሞ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ቃልን ብቻውን የሥዕል ጉዳይ አድርጎ ሲሠራ ኖሯል። ሚለርን የሚለየው ርዕሱን ራሱ መድረሱ ነው። ፕሪንስ ያገኘውን ወሰደ፤ ሚለር ቢኖር የምንመኘውን ጻፈ።

ከሽፋኑ ወዲያ

«ይህ እኮ አንድ ቀልድ በየቀለሙ መደጋገም ነው» የሚል ትችት አለ። እኔ በከፊል እቀበለዋለሁ። ሁሉም ርዕስ እኩል ጥልቅ አይደለም፤ አንዳንዱ ከተነበበ በኋላ የሚተርፈው ነገር ትንሽ ነው። ቢሆንም ሰውየው እዚያው አልቆመም። በ2017 ለንደን ላይ ያሳያቸው ሥራዎች ከ1960ዎቹና ከ1970ዎቹ የሥነ ልቦናና የራስ መርጃ መጻሕፍት ሽፋኖች የተነሡ ናቸው። በእነዚያ ሽፋኖች ላይ ሦስቱ ሰቆች የሉም፤ ክብ፣ ሦስት ማዕዘን፣ ጠርዙ የተሳለ ደማቅ ቅርጽ ነው ያለው። የሰውን ጭንቀት በጂኦሜትሪ እንፈታዋለን ይል የነበረውን ዘመን መተማመን ይዘዋል። ሚለር ከሥራቸው የሚጽፈው ርዕስ ያን መተማመን ያናውጠዋል።

ሌሎቹ የፊደል ሥዕሎቹ ናቸው። በመካከለኛው ዘመን መነኮሳት በእጅ ከጻፏቸው መጻሕፍት፣ በተለይ ምዕራፍ ሲጀምር ተልቀውና ተጊጠው ከሚጻፉት ፊደላት ተነሥቶ የሠራቸው ናቸው። ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ያለው አጭር ቃል ይመርጥና ፊደላቱን አንዱን በአንዱ ላይ ይደርባቸዋል፤ የተነባበሩበት ቦታ አዲስ ቀለም ይሆናል። ቃሉን ለማግኘት መፈለግ አለባችሁ።

ብራና አይቶ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንም። ግእዝ ጸሐፊዎቻችን የምዕራፉን መጀመሪያና የቅዱሳኑን ስም በቀይ ቀለም ሲጽፉ ዓይን ከማንበቡ በፊት ያያል። ጅማና አካባቢዋ የእስልምና ትምህርት ማዕከል ሆነው በመቆየታቸው የዓረብኛ የእጅ ጽሑፎችም በየሼኹ ቤት ተጠብቀው ኖረዋል፤ በዚያም ወግ ጥቁሩን ጽሑፍ በቀይ መለየት የተለመደ ነው። ፊደል የሚነበብ ብቻ ሳይሆን የሚታይም መሆኑን ሁለቱም ወገን ከሚለር በፊት ያውቁታል።

ከዘመናችን ሠዓሊዎች ይህን ገፍቶ የሄደው ወሰኔ ኮስሮፍ ነው። በ1950 አዲስ አበባ ተወልዶ፣ በ1972 ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመርቆ፣ በ1980 ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ፣ ኑሮውን በካሊፎርኒያ ያደረገ ሠዓሊ ነው። የሥራው ሁሉ ማዕከል ፊደላችን ነው። ነገር ግን ወሰኔ ፊደሉን ይበትነዋል፣ ያዞረዋል፣ እግሩን ያረዝመዋል፤ «ለ» የምታውቁት ወዳጅ ይመስልና ጠጋ ስትሉት አይነበብም። ሚለር በሽፋን ሥዕሎቹ ካላነበባችሁኝ ይላል፤ ወሰኔ ማንበቡን ተዉና እዩኝ ይላል። እኔ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት እወዳለሁ። አንዱ ለቃል፣ አንዱ ለፊደል የቆሙ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ቦታ ደግሞ ሰፊ ነው፣ በአማርኛም ገና ብዙ አልተሠራበትም።

ጅማ ውስጥ ይህን መሞከር የሚፈልግ ወጣት ሠዓሊ ካለ ጥሬ ዕቃው በእጁ ነው። የኩራዝ አሳታሚ ድርጅት መጻሕፍት፣ የብርሃንና ሰላምና የአርቲስቲክ ማተሚያ ቤት ኅትመቶች ዛሬም ከአሮጌ መጻሕፍት መሐል ይገኛሉ። ርዕሱን ግን ከፔንጉዊን መተርጎም አያዋጣም፤ ከቋንቋችን ውስጥ መነሣት አለበት። ለምሳሌ የወየበ የመማሪያ መጽሐፍ ሽፋን ላይ «ጊዜ ለኩሉ፦ ከሰኞ እስከ ዓርብ በሥራ ሰዓት» ተብሎ ቢጻፍ ቢሮ ደጅ የጠና ሰው ሁሉ ቀሪውን ገጽ ራሱ ይጽፈዋል። «ሰው ለሰው መድኃኒቱ፦ ከነዋጋ ዝርዝሩ» የሚልም እንዲሁ። ሁለቱም የሚሠሩት የመጀመሪያው ግማሽ በእያንዳንዳችን አፍ ውስጥ ስላለ ነው።

ሲሠራ ግን የሽፋኑ ሠዓሊ መብት አይረሳ። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው) ሥዕልንም ይጠብቃል፤ ጥበቃውም በመሠረቱ ሠሪው በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላ እስከ 50 ዓመት ነው። የአንድን ሽፋን አቀማመጥና መንፈስ ይዞ የራስን ሥራ መሥራት አንድ ነገር ነው፤ የሌላውን ሥዕል እንዳለ ገልብጦ መሸጥ ሌላ ነው። ደግሞም እነዚያን ሽፋኖች የሣሉ ሰዎች ስም ብዙ ጊዜ በውስጥ ገጽ በትንሽ ፊደል «የሽፋን ሥዕል» ተብሎ ብቻ ተጽፎ ቀርቷል፤ ያም ያልተጻፈበት ብዙ ነው። መጽሐፉ እንደገና ሲታተም ሽፋኑ በኮምፒዩተር ይቀየርና የመጀመሪያው ሠዓሊ ስም አብሮ ይጠፋል። የከተማችን ታፔላ ጸሐፊዎች በባነር እየተተኩ እንዳሉት ሁሉ የእጅ ፊደል የነበራቸው ሽፋኖችም እንዲሁ እየሄዱ ነው። ስለዚህ አሮጌ መጽሐፍ ስትገዙ ሽፋኑ ቢቀደድም በጋዜጣ ለብዱት እንጂ አትገንጥሉት፤ በስልክ ፎቶ አንሥታችሁም የሠዓሊውን ስም ካገኛችሁ አብራችሁ መዝግቡ።

የሚለርን ሥዕሎች ብዙዎቻችን የምናያቸው በስልክ ነው። ስልክ ደግሞ ሥዕሉን ወደ መጽሐፍ መጠን ይመልሰዋል፤ ሠዓሊው በሁለት ሜትር ሸራ ያተለቀውን እንደገና መዳፍ ውስጥ ያስገባዋል። ከዚያም ቃሉ ብቻ ይቀራል፣ ቀለሙ ይጠፋል። ስለዚህ ምስሉን ስትከፍቱ መጀመሪያ ርዕሱን በአውራ ጣታችሁ ሸፍኑት። ጠርዙን አቅርባችሁ ተመልከቱ፤ ቀለሙ የወረደበትን፣ የተጠረገበትን፣ ከሥር ሌላ ቀለም ብቅ ያለበትን ፈልጉ። ጣታችሁን አንሥታችሁ ርዕሱን የምታነቡት ከዚያ በኋላ ይሁን።